ከለቅሶ ቤት የማይመለስ ውሃ

እህቴ ከድጃ በተቀበረች ማግስት ረፋዱ ላይ፣ ድንኳኑ ውስጥ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጬ ሳለሁ፣ አንድ ትልቅ ቀይ መኪና ከአስፋልቱ ታጥፎ ወደ ሰፈራችን ሲገባ አየሁ። አዲሱ የእሳት አደጋ መኪና ነበር። ከመጣ ገና ዓመት አልሞላውም፤ ጎኑ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። ደጃችን ሲደርስ ፍሬኑ ጥሽ አለና ቆመ። ሴቶቹ ከጓሮ "ውሃ መጣ! ውሃ መጣ!" እየተባባሉ በርሜል ማንከባለል ጀመሩ። የቅሬው ዳኛ፣ ለቅሶና ቀብር የሚያስተባብረው የማኅበራችን መሪ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ለአንቱ ክብር ነው የላኩት፣ ጋሼ ሰይድ። የድሮ ሠራተኛቸው አይደሉ!" አለኝ።

ከድጃ ልትሞት ሰሞን እጄን ይዛ የተናገረችው አንድ ነገር ነበር። "ሰይዶ፣ እኔ ስሞት ያቺ መኪና ደጄ እንዳትቆም። አደራ" አለችኝ። ሌላ የተናዘዘችው የለም። ከብት የላት፣ ወርቅ የላት፣ ምን ትናዘዝ! ለማያውቅ ሰው የታማሚ ቅዠት ይመስለዋል። እኔ ግን ምን ማለቷ እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። አሁን መኪናው ደጇ ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል፣ እኔም እሱን እያየሁ ሐሳቤ ወደ ሌላ ለቅሶና ወደ ሌላ መኪና ሄደ።

ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርዳችሁ፣ ጃኬታችሁን አውልቃችሁ ሸዋ ሮቢት ምሳ ከበላችሁ በኋላ ወደ ጀውሃ ስታመሩ በመንገዱ ግራና ቀኝ የምታገኟት ትንሽ ከተማ ናት የኛዋ። ስሟን አልጠራም። የሚያውቃት ያውቃታል፤ የማያውቃትም አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፉን እየለጠጠ ያልፋታል። እኔ በወጣትነቴ የዚች ከተማ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ የውሃ ጎማውን መያዝ ነው። ጣቢያ የምንለው ከዋርካ ሥር የቆመ የቆርቆሮ ጥላ ነበር፤ በር የለውም፣ ፍየል እንደልቡ ይገባል ይወጣል። መኪናችን ደግሞ ከተዘጋ የጥጥ እርሻ የመጣች አሮጌ የውሃ ቦቴ ነበረች። ድሮ አረንጓዴ ነበረች አሉ። ቀይ ቀለም ቀብተው ሰጡን፤ የቆላው ፀሐይ ቀዩን ሲልጠው አረንጓዴው ከሥር ብቅ ይል ጀመር። ያም ሆኖ ሕዝቡ ቀይዋ ይላት ነበር። ከአካሏ ሁሉ ጤነኛው ጩኸቷ ብቻ ነው። ሳይረኗ ሲለቀቅ ጀውሃ ድረስ ይሰማል እያልን እንኩራራ ነበር።

እውነቱን ለመናገር እሳት ብዙም አናይም ነበር። ቀይዋ የምትሮጠው ለሌላ ነው። ቧንቧው በፈረቃ በሚመጣበት፣ ፈረቃውም በሚዘለልበት ከተማ፣ ውሃ የያዘ መኪና ያለ ሥራ ቆሞ እንዲውል የሚተወው የለም። ሠርግ ሲኖር በርሜል እንሞላለን። እንግዳ ከላይ ሲመጣ የመንገዱን አቧራ እናርሳለን። በረመዳን ለመስጊዱ፣ በጥምቀት ለታቦቱ መንገድ ውሃ እናደርሳለን። በዘመቻ የተተከለ ችግኝም እናጠጣለን፤ ችግኙ ግን እንዲያው ለፎቶው ነበር የተተከለው። ከሁሉም በላይ የሚጠሩን ለለቅሶ ነው። ሐዘንተኛ ውሃ ለምኖ የለም ማለት በኛ አገር ነውር ነው። ይሉኝታ ከእሳት በላይ ሰው ይፈጃል ብል አልተሳሳትኩም።

ሾፌራችን ጋሼ ተክሌ የደብረ ሲና ሰው ነበሩ። ወደ ቆላ ከወረዱ ዓመታት ቢያልፉም ላባቸው አልደርቅ ብሎ፣ አንገታቸው ላይ ሁልጊዜ እርጥብ ፎጣ ጣል አድርገው ነው የሚነዱት። "እኛ አገር እሳት ይናፈቃል እንጂ አይፈራም" ይሉኝ ነበር እየሳቁ። እኔም "እንግዲያው ለምን ወረዱ?" ስላቸው፣ "ደሞዙ ነዋ የወረደው፣ ተከትዬው መጣሁ" ይሉኛል። ውሃ የምንቀዳው ከከተማው ራቅ ብሎ ወንዝ ዳር ካለ የሽንኩርት እርሻ ሞተር ነው። ሞተሩ እያንኳኳ ታንከሩን እስኪሞላ ከማንጎው ጥላ ሥር እንቀመጣለን። የበሰለ ማንጎ ከሥር እየለቀምን፣ በጎማው አፍ እያጠብን፣ ጭማቂው በክርናችን እየወረደ እንበላለን። ከዚያ ወዲህ ብዙ ማንጎ በልቻለሁ፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ግን የለም።

ለቅሶን በተመለከተ አንድ ወግ አለን። ለቅሶ ቤት የገባ ነገር ተመልሶ አይወጣም። የተረፈው እንጀራ እዚያው ይበላል፣ የተረፈው እንጨት እዚያው ይነዳል። ይዞ የወጣ ሌላ ሞት ይዞ ወጣ ይባላል። ሼሆቹ ይህ ከዲኑ የለም ብለው ደጋግመው አስተምረዋል። ሕዝቡም ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል፣ ከዚያ ተነስቶ ያንኑ ያደርጋል። ስለዚህ ቀይዋ ለቅሶ ቤት ደጃፍ ከቆመች ያላት ውሃ በሙሉ መውረድ ነበረበት።

ለዚህ ጋሼ ተክሌ መላ ነበራቸው። የውሃው ልክ የሚታይባት ቀጭን የመስታወት ቱቦ ከሾፌሩ መቀመጫ ጀርባ ነበረች፣ ከእሳቸው በቀር የሚያያት የለም። ውሃው ሲሶ ሲቀር ፓምፑን ያጠፉና ዘለው ወርደው የመኪናዋን ጎማ በእርግጫ ይመታሉ። "አልስብ አለችኮ! አንቺ ሰይጣን፣ በሐዘን ቀን ታዋርጂኝ!" ይላሉ። ፊታቸው እውነት የተናደደ ሰው ፊት ነው። ለቀስተኛውም መልሶ እሳቸውን ያጽናናል፤ "አይዞዎት ጋሼ ተክሌ፣ አሮጌ ናት፣ ምን ታድርግ" ይላል። እንዲህ ሆነን እንመለሳለን። ጋቢና ውስጥ ስንገባ ፎጣቸውን እየጨመቁ "ሲሶው የእሳት ነው፣ ሰይዶ። ሰው የራሱን ይስጥ፣ የእሳትን አይስጥ" ይሉኛል። በዚህች ውሸት ከተማዋ ዓመታት አለፏት።

አባቴ የሞተው በግንቦት ነው። በኛ ቆላ ግንቦት ማለት ነፋስ ነው። ከአፋር በኩል የሚመጣው ትኩስ አየር አቧራውን እያንከባለለ ከተማውን ያቋርጣል፣ በየጓሮው ለከብት የተከመረው የማሽላ አገዳም ደርቆ ሲነኩት ይንኮሻኮሻል። ቧንቧው ጨርሶ ነጥፎ ነበር። ቤታችን በለቀስተኛ ተሞልቶ ለውዱእ፣ ከሶላት በፊት ለመታጠቢያ እንኳ የሚሆን ውሃ ጠፋ። ያኔ "እኔ አስመጣላችኋለሁ" ብለው የተነሱት እትዬ ዘሀራ ናቸው።

እትዬ ዘሀራ የእናቴ የልብ ወዳጅ ነበሩ፤ ቤታቸው ከኛ ራቅ ብሎ ከከተማው ታችኛው ጫፍ ነው። ባላቸው በልጅነታቸው ሞቶባቸው፣ አውቶቡስ ሲቆም በመስኮት ማንጎና ፓፓያ እየሸጡ አንዲት ልጅ አሳድገዋል፤ ከዚያም በባላቸው ቦታ ላይ ባለ ቆርቆሮ ቤት ሠሩ። ቦታው የባላቸው ወንድሞችም ዓይን ያለበት ነበር። ነገሩ ሽማግሌ ፊት ሲታይ ወንድሞቹ "ቤቷ እስከቆመ ድረስ አንነካትም" ብለው ቃል ሰጡ። ደግ ቃል ይመስላል፤ ሲፈቱት ግን ቤቷ የወደቀ ቀን ትሄዳለች ማለት ነው። እትዬ ዘሀራ ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበርና ያን ቤት እንደ ሕፃን ነበር የሚጠብቁት። ግድግዳውን በየዓመቱ ይመርጉታል። "ሰው ቤት ያቆማል፤ እኔን ግን ቤቴ ናት ያቆመችኝ" ይሉ ነበር።

እንግዲህ እኚህ ሴት ናቸው በዚያ ፀሐይ ጣቢያ ድረስ በእግራቸው ሄደው ጋሼ ተክሌን የለመኑት። ቀይዋ መጣች። በርሜሎቹ ተደረደሩ፣ ጀሪካኑ ተሰለፈ። እኔ ሐዘንተኛ ስለሆንኩ ጎማውን የያዘው ሌላ ሰው ነው። ድንኳኑ ውስጥ ጋቢዬን ተከናንቤ ተቀምጬ የፓምፑን ድምፅ አዳምጥ ነበር። በልማድ ሲሶው ላይ ሲደርስ የሚጠፋበትን ጊዜ ጆሮዬ ያውቃል። ጊዜው ደረሰ። ፓምፑ አልጠፋም።

ቀና ብዬ ጋሼ ተክሌን አየኋቸው። በጋቢናው መስኮት እኔን እያዩኝ ነበር። ዓይናቸው ቀልቷል። አብሬያቸው ማንጎ የምበላ ልጃቸው ነኝ፤ በአባቴ ለቅሶ እኔ እያየሁ፣ ውሸቱን እኔ እያወቅሁት፣ ወርደው መኪናዋን በእርግጫ መምታት አቃታቸው። ታንከሩ እስከመጨረሻው ተንጠፈጠፈ። ሴቶቹ መረቁ። እትዬ ዘሀራ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው "አልሐምዱሊላህ! ጋሼ ተክሌ፣ አላህ ውሃ አያሳጣዎት" አሉ። ጋሼ ተክሌ ከመኪናው ወርደው መጥተው ትከሻዬን ያዙኝና "ለአባትህ ነው፣ ሰይዶ፤ ዛሬ አልዋሽም" አሉኝ። ከሰው ከተደረገልኝ ክብር ሁሉ ያ ይበልጥብኛል።

የማሽላ እንጀራ በማሾ ወጥ ቀርቦላቸው ገና ሁለተኛውን ጉርሻ ሳይውጡ፣ ከታች በኩል ጭሱ ታየ። በመጀመሪያ ነጭ ነበር፣ ወዲያው ጠቆረ። ከየትኛው ምድጃ ፍም ተነስቶ ከየትኛው አገዳ ላይ እንዳረፈ እስከዛሬ የሚያውቅ የለም። እትዬ ዘሀራ ብድግ ብለው አዩ። "ያ ረቢ፣ በኔ በኩል ነው" አሉና ጫማቸውን ሳያደርጉ ሮጡ።

ሐዘንተኛነቴን ረስቼ ከነጋቢዬ ቀይዋ ላይ ዘለልኩ። ጋሼ ተክሌ አስነሱና መሪውን ወደ ወንዙ፣ ወደ ሽንኩርት እርሻው አዞሩ። መጀመሪያ መሞላት ነበረባታ! ገና አስፋልቱን ሳንሻገር ግን ሕዝቡ መንገዱን ዘጋው። "ወዴት ነው? እሳቱ በዚህ ነው! በዚህ!" ይላል። አንዱ በሩ ላይ ተንጠለጠለ፣ ሌላው ከፊት ተገትሮ ኮፈኑን በጡጫ ይመታል። ጋሼ ተክሌ "ባዶ ናት" አሉ። ማን ይስማቸው! ሳይረኑ ራሳችንን አደነቆረን። ደግሞስ የእሳት አደጋ መኪና ባዶ ናት ብሎ ማን ያምናል? እየገፉ፣ እየመሩ፣ እያጨበጨቡ ወደ እሳቱ ወሰዱን።

ስንደርስ የጓሮው አገዳ ነዶ፣ ነበልባሉ የቤቱን ጣሪያ ጠርዝ ይልስ ነበር። ግድግዳው ገና አልተያዘም። ያኔ ውሃ ቢኖር ቤቱ ይተርፍ ነበር፤ ሲሶው ይበቃው ነበር። ይህን የምለው የሥራው ሰው ስለሆንኩ ነው። ሕዝቡ እልል አለ፤ ግራና ቀኝ ተከፍሎ መንገድ ሰጠን። እትዬ ዘሀራ መሬት ላይ ተንበርክከው እኔን ያያሉ። ጎማውን ይዤ ቆምኩ። ጋሼ ተክሌ ፓምፑን ከፈቱ። ጎማው ሁለት ጊዜ አሳለ፣ ጭቃ የቀላቀለ ጠብታ ተፋ፣ ከዚያ ነፋስ ብቻ ወጣ። እልልታው ጸጥ አለ። የዚያን ዓይነት ጸጥታ ጠላቴም አይስማ።

ከዚያ ጀሪካን የያዘች ሴት ከላይ እየሮጠች መጣች። ከድጃ ነበረች። አባቷን ገና የቀበረች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች። ከቤታችን በርሜል ቀድታ ነው የመጣችው። በሩ ላይ አንዲት አሮጊት "ከለቅሶ ቤት ውሃ አይወጣም፣ ሞት ትጠሪያለሽ!" ብለው ቢይዟት ገፍታቸው ወጣች። ሌሎቹ ሴቶችም እሷን አይተው ተከተሉ። ግን መንገዱ ረጅም፣ ነፋሱ ብርቱ ነው። የደረሰው ውሃ እሳቱ ላይ ሲረጭ ጥሽ እያለ ይጠፋል። ቆርቆሮው እየተጠማዘዘ መውደቅ ጀመረ።

እኛ ወንዝ ወርደን ሞልተን ስንመለስ የቀረው አመድና የተቃጠለ ምሰሶ ነበር። ጋሼ ተክሌ ያም ሆኖ ፓምፑን ከፈቱ። አመዱን አጠጣነው። ከተሰበሰበው አንዱ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አለ። ማንም አልሳቀም።

ጋሼ ተክሌ እትዬ ዘሀራ ፊት ቆመው ፎጣቸውን በእጃቸው ይጠመዝዙ ጀመር። የተናገሩት እትዬ ዘሀራ ናቸው። "አንቱ ምን አጠፉ? ሂጄ የለመንኩዎት እኔ። ለሐዘንተኛ ነው የሰጡት። ማን ምን አጠፋ?" አሉ። እውነትም ማን ምን አጠፋ? የለመነው ለሰው ብሎ ለመነ፣ የሰጠው ለሰው ብሎ ሰጠ። ጥፋተኛ ቢኖር ኖሮ እንቆጣው፣ እናባርረው፣ በሌላ እንተካው ነበር። ጥፋተኛ የሌለውን ነገር ግን ማን ያስተካክለዋል? እኔን ተስፋ ያስቆረጠኝ ይህ ነው።

የባላቸው ወንድሞች ሳምንት ሳይሞላ መጡ። ክፉ አልተናገሩም። "አላህ ያካክስሽ፤ ብቻሽን ሜዳ ላይ አትቀመጪ፣ ልጅሽ ጋ ሂጂ፤ ቦታውን እኛ እንጠብቀዋለን" አሉ። እስከዛሬ እየጠበቁት ነው፣ የነሱ ቤት ቆሞበታል። እትዬ ዘሀራ አንዲት ጥቁር ድስት ከአመዱ አውጥተው ይዘው አጣዬ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ፣ በሰው ቤት ኖረው እዚያው ሞቱ። ኋላ አጣዬ ከተማ ስትቃጠል በሕይወት አልነበሩም። አንዳንዴ እሱንስ አላዩም ብዬ አላህን አመሰግናለሁ። ይህን የምታህል ምስጋና ናት የቀረችኝ።

ጋሼ ተክሌ ከዚያ ቀን ወዲህ የውሸት ነገር ተዉ። በሚቀጥለው ለቅሶ ሲሶው ላይ አቆሙና ጮክ ብለው "ይህ ለእሳት ነው፣ አልሰጥም" አሉ። ከዘሀራ ቤት አመድ ፊት የቆመው ያው ሕዝብ "ጨካኝ! ከሐዘንተኛ ውሃ የሚነፍግ!" ብሎ ጮኸባቸው። ሰላምታ ነሳቸው። አቤቱታው በዛና ወደ ሌላ ሥራ ተዛወሩ፤ ፎጣቸውን አንገታቸው ላይ እንዳደረጉ ዳገቱን ወጥተው ወደ ብርዳቸው ተመለሱ። ውሸታቸውን ያከበረ ከተማ እውነታቸውን አልቻለም።

እናታችን በዚያው ክረምት በወባ ሞተች። ወባ በኛ ቆላ በየክረምቱ ይገድላል። ሕዝቡ ግን ምክንያቱን ያውቅ ነበር፤ ከድጃ ናት፣ ከለቅሶ ቤት ውሃ ያወጣችው። ፊት ለፊት ማንም አላላትም። ሠርግ ላይ ግን ሙሽራ አያስነኳትም፣ ወላድ ቤት ስትገባ ወሬው ይቋረጣል። እሳት ልታጠፋ በሮጠች ይህን ተሸክማ አረጀች። አንድም ቀን ስታማርር አልሰማኋት፤ ልትሞት ሰሞን ብቻ ያችን አደራ አለችኝ።

ከድንኳኑ ተነሳሁ። አዲሱን መኪና የሚነዳው ወጣት ጎማውን ከጎኑ እየፈታ ነበር። እጅ ነሳኝ። "አላህ ያጽናዎት አባባ። የት ልቅዳው?" አለኝ።

"መልሰው፣ ልጄ። ውሃ አንፈልግም" አልኩት።

ደነገጠ። ሴቶቹ በርሜሉን ይዘው ቀጥ አሉ። የቅሬው ዳኛ ፈጥኖ ደረሰና ክንዴን ያዘ። "ሐዘን ነው የሚያናግራቸው" አለ ለልጁ፣ ከዚያም ለኔ፣ "ጋሼ ሰይድ፣ ከለቅሶ ቤት ደጅ ውሃ ይመለሳል እንዴ? ያውም የከድጃ? ደግሞ ሰው ምን ይላል?" አለኝ። ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የተናገረው። ሁሉም ግን ሰምቷል። የእህቴን ስም በለቅሶዋም ቀን እንዲያነሱት አልፈለግሁም። አደራዋን የበላሁት በዚያች ቅጽበት ነው፤ ስሟን ላድን ብዬ ቃሏን ጣልኩ።

ልጁን ወደ ጎን ሳብኩትና በጆሮው "እንግዲያው ሲሶ ሲቀር አቁመው። ፓምፑ አልስብ አለ በል። ውረድና የመኪናውን ጎማ በእርግጫ ምታው" አልኩት።

ልጁ አዘነልኝ፤ ፊቱ ላይ አየሁት። ከመኪናው ጎን በቁመት የተደረደሩ አረንጓዴ መብራቶችን አሳየኝ። "አባባ፣ ይሄኛውኮ ውሃው ምን ያህል እንደቀረ ከውጭ ያሳያል። መዋሸት አይቻልም፣ ሁሉም ሰው ያየዋል። ለግልጽነት ተብሎ ነው የተሠራው" አለኝ።

ልቀቀው አልኩት።

አዲሱ ጣቢያ ያምራል፤ በር አለው፣ ግቢው ሲሚንቶ ነው፣ ፍየል አይገባበትም። ቧንቧው ግን ያው በፈረቃ ነው፣ ሞተሩም እዚያው ወንዝ ዳር ነው። ወሩም ግንቦት ነው። ድንኳኑ አፍ ላይ ቆሜ መብራቶቹ ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ሲጠፉ አየሁ። በርሜሎቹ ሞሉ፣ ሴቶቹ መረቁ፣ "አላህ ውሃ አያሳጣችሁ" አሉ። የመጨረሻው አረንጓዴ ጠፍቶ ባዶ መሆኑን የሚያሳየው ቀዩ ብቻ ሲቀር ጀርባዬን ሰጠሁትና ፊቴን ወደ ከተማው መለስኩ። ነፋሱ ተነስቷል። ለቀስተኛው ለእህቴ የማለቅስ መስሎት ያጽናናኛል፣ እኔ ከየጣሪያው በላይ ጭስ ይታይ እንደሆን አያለሁ።